በቀትር የተዘጉት መስኮቶችና የሺአረግ ወልደጻድቅ

እውነተኛ ሰው የሚለየው የገዛ ጥፋቱ መጥቶ ከፊቱ በቆመ ጊዜ ነው። በዚያች ሰዓት ብዙ ዐዋቂ አንደበቱ ይታሰራል፤ ብዙ ደፋርም ጣቱን ወደ ጎረቤቱ ይቀስራል። የሺአረግ ወልደጻድቅ ግን በዚያች ሰዓት ቀጥ ብላ የቆመች ሴት ናት። በአምስት ዓመቷ ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝና፣ ከዚያ ወዲህ ያየሁትንና ከራሷም ከቤተሰቧም አንደበት የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፋለሁ።

አባቷ አቶ ወልደጻድቅ በምድር ባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ከምንጃር በወጣትነታቸው ወርደው ድሬዳዋ ቀሩ፤ በከዚራ ሰፈርም ከዛፎቹ ጥላ ሥር፣ ግድግዳው ክንድ ተኩል በሚወፍር የድንጋይ ቤት ትዳር መሠረቱ። እናቷ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ በቤታቸው የማይሻር ሥርዓት ነበራቸው። ረፋድ አራት ሰዓት ሲሆን መስኮቱ ሁሉ ይዘጋል፤ የሚከፈተው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። አንዱ ልጅ ረስቶ ቢከፍት፣ «የሌሊቱን ብርድ ለማን ልታድል ነው?» ብለው ይቆጡ ነበር። በዚህ ሥርዓት ያ ቤት በግንቦት እንኳ እንደ ገደል ዋሻ ይቀዘቅዛል። የከዚራ ሰው ሁሉ እንዲሁ ያደርጋል፤ ልጆቹም ለምን ብለው ሳይጠይቁ ልማዱን ከእናት ጡት ጋር ይጠቡታል።

የሺአረግ በትምህርቷ ብርቱ ነበረች። በ1965 ዓ.ም. አዲስ አበባ ወደሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወጥታ ሁለት ዓመት ያህል ከመጽሐፍ ተለየች፤ ተመልሳም የመድኃኒት ትምህርት ቤቱን መረጠች። በመጀመሪያው ዕረፍት ስትመጣ አባቷ በእኔ ፊት ጠየቋት።

«ስንት ዓመት ነው የምትማሪው?»

«ገና ነው፣ አባባ። ትምህርቱ ብዙ ክፍል አለው። መድኃኒት የሚቀመምበት አለ፤ ከዕፅዋት የሚወጣበት አለ፤ ንጽሕናውና ኃይሉ የሚመረመርበት አለ፤ በሰው ሰውነት ገብቶ የሚሠራው ሥራ የሚጠናበትም አለ።»

«አንድ ቁንጥር ዱቄት አራት መምህር ያስፈልገዋል?»

«አባባ፣ መሪጌታን ይጠይቋቸው። እሳቸውስ ዜማውን አንድ ቦታ፣ ቅኔውን ሌላ ቦታ፣ ትርጓሜውን ሌላ ቦታ አይደል የተማሩት?»

አቶ ወልደጻድቅ ወደ እኔ ዞረው፣ «ይህችን ልጅ ፊደል ባላስቆጠርካት ኖሮ ዛሬ በቤቴ የማሸንፈው እኔ ነበርኩ» አሉ። ሳቅን። እኔ ግን በልቤ ተደነቅሁ። ከጉባኤ ቤት ወደ ጉባኤ ቤት ስንከራተት የኖርሁበትን ነገር ያቺ ልጅ በአንድ ቃል አግኝታዋለችና።

በ1971 ዓ.ም. ተመርቃ በአገሯ በድሬዳዋ ተመደበች። ሥራዋ ለከተማውና ለገጠሩ ጤና ጣቢያዎች መድኃኒት የሚታደልበትን መጋዘን መምራት ነበር። መጋዘኑ ዕቃ ከባቡር ለማውረድ እንዲያመች በጣቢያው አቅራቢያ የተሠራ፣ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ የሆነ ቤት ነው። ጠባቂው አቶ ወርሳሜ የሚባሉ ሶማሌ ሽማግሌ ነበሩ፤ ቀድሞ ከጅቡቲ በሚመጣው ባቡር ጭነት ሲያወርዱ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ቁልፍ የተሰጣቸው ሰው ናቸው። የሺአረግም፣ የአባት ወንድም በሶማልኛ በሚጠራበት ስም፣ «አዴር» ትላቸው ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ገብታ መስኮቶቹ ተበርግደው ብታይ ደነገጠች። «አዴር፣ ይህ ሁሉ ሙቀት እየገባ? ከአራት ሰዓት እስከ ዐሥር ሰዓት ይዘጋ» አለች። ሽማግሌው አንድ ጊዜ ጣሪያውን፣ አንድ ጊዜ እሷን አዩ። «እሺ» ብለውም ዘጉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሦስት ዓመት መስኮቶቹ በየቀትሩ ተዘጉ።

በ1974 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ትልቅ ዕድል መጣላት። ወደ ሀንጋሪ ሄዶ በመድኃኒት ትምህርት ከፍተኛ ጥናት የሚያደርግ አንድ ሰው ከክፍለ ሀገሩ እንዲመረጥ ታዘዘ፤ የተመረጠችውም እሷ ሆነች። ቅጹን ሞላች። የቀረው የአለቃዋ የጓድ ሣህሉ ፊርማና «ከጥፋት ነጻ ናት» የሚል የምስክር ቃል ብቻ ነበር። ቅጹ እስከ ቅዳሜ አዲስ አበባ መድረስ ነበረበት።

ማክሰኞ ረፋድ ከቢዮ አዋሌ ጤና ጣቢያ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ደረሳት። የጤና ረዳቱ፣ «ይህን መድኃኒት የወሰዱ ሦስት ሰዎች አስመለሳቸው፤ ጥማትም ጸናባቸው። ቀለሙም አላማረኝም» ብሎ ጽፏል። ቴትራሳይክሊን የሚባለው የተላላፊ በሽታ መድኃኒት ነበር። አንዱን ፍሬ ከፍታ በነጭ ወረቀት ላይ አፈሰሰችው። እንደ ሽምብራ ዱቄት ቢጫ ሊሆን የሚገባው፣ እንደ ረጠበ ትንባሆ ጠቁሯል። ይህ መድኃኒት ሙቀት ሲያበላሸው ኩላሊት የሚጎዳ መርዝ እንደሚሆን ተምራለች። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቀን ግን ሊያልፍ ገና ዐሥራ አራት ወር ይቀረዋል።

በዚያው ቀን በስድስት ሰዓት የሙቀት መለኪያ ይዛ ወደ መጋዘኑ ሮጠች። አቶ ወርሳሜ ደጃፍ ላይ በጥላ ተቀምጠዋል።

«አዴር፣ ክፈቱልኝ።»

«አሁን? ወላሂ ቆዳሽ ይላጣል።»

ገባች። ውጪ ሠላሳ ሰባት ዲግሪ የነበረው ውስጥ አርባ ስምንት ደረሰ። አየሩ የቆመ ነው፤ የካርቶኑ ሙጫ ቀልጦ ተንጠባጥቧል።

«መስኮቱን ማን ዘጋው?» ብላ ጮኸች።

ሽማግሌው፣ «አንቺ» አሉ።

«እኔ?»

«አንቺ ነሽ እንጂ! ሦስት ዓመት ሆነሽ። እኔ ያኔ በልቤ፣ ‹አቦ! ይህ ቆርቆሮ እኮ ነው፣ ሲዘጋ ሳምቡሳ ያለ ዘይት ይጠብሳል› ብዬ ነበር። ግን የተማረ ሰው አዘዘ፤ ወርሳሜ ምን ያውቃል? ዘጋሁ።»

የሺአረግ ካርቶን ላይ ተቀመጠች። የድንጋይ ቤት የሌሊቱን ቅዝቃዜ በወፍራም ግድግዳው ይዞ ያቆያል፤ ቆርቆሮ ግን ፀሐይን ተቀብሎ ወደ ውስጥ ይተፋታል። መስኮቱ ሲዘጋ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰችው ልጅ የእናቷን ቤት ልማድ ሳትመረምር ወደ ቆርቆሮ ቤት አምጥታው ኖሯል።

ከመጋዘኑ በቀጥታ ወደ ጓድ ሣህሉ ቢሮ ሄደች። መድኃኒቱ በአስቸኳይ ከየጤና ጣቢያው እንዲሰበሰብ ጠየቀች።

«ቀኑ አላለፈም» አለ ጓድ ሣህሉ።

«ቀኑ የተጻፈው በቀዝቃዛ ቤት ለተቀመጠ ነው፣ ጓድ ሣህሉ። ይህ ተበላሽቷል።»

«ያን ሁሉ ካርቶን ተበላሸ ብለን ስንጽፍ፣ ማን አበላሸው አይሉም?»

«ይላሉ።»

ሰውየው የቅጿን አቃፊ ከመሳቢያ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «እንግዲህ ስሚኝ። መስኮቱን የዘጋው እጅ የወርሳሜ ነው። የመጋዘን ጠባቂው በአሻጥር የሕዝብ መድኃኒት አበላሸ ብለሽ ሪፖርት ጻፊ። እኔም ይህችን አሁኑኑ እፈርማለሁ።»

በዚያ ዘመን «አሻጥር» የሚለው ቃል ምን ያህል ይከብድ እንደነበር የኖረበት ያውቀዋል። ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት ገና አልተረሳም፤ ያ ቃል በአንድ ሶማሌ ሽማግሌ ስም ላይ ቢጻፍ ወዴት እንደሚወስዳቸው ለማንም የተሰወረ አልነበረም።

«እጁ የእሳቸው ነው፤ ትእዛዙ ግን የእኔ ነው» አለች።

«የተጻፈ ትእዛዝ አለ?»

«በቃል ነው ያዘዝኩት።»

«በቃል ከሆነማ የለም ማለት ነው!»

«ወረቀት ይስጡኝ» አለች የሺአረግ። ጓድ ሣህሉ የተስማማች መስሎት ንጹሕ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀበላት። ቆማ ጻፈች። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «እኔ የሺአረግ ወልደጻድቅ፣ በ1971 ዓ.ም. በሰጠሁት የተሳሳተ የቃል ትእዛዝ፣ በመጋዘኑ የሚገኘው መድኃኒት ለሙቀት ተጋልጦ ተበላሽቷል።» አንብቦ ሲጨርስ፣ «የገዛ እጅሽን ቆረጥሽ» አላት። አቃፊውንም ወደ መሳቢያው መልሶ ዘጋው። ቅዳሜ ደረሰ፤ ቅጹ አልሄደም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ከአባቷ ጋር ቆመን ሳለ ነገረችን። አለቃዋን ያልፈራች ልጅ አባቷን ፈራች። ሀንጋሪ የምትሄድ ልጅ እንዳላቸው አባቷ ለሰፈሩ ሁሉ አውርተዋልና። አቶ ወልደጻድቅ በትራቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ሠላሳ ዓመት ትኬት የሌለውን ሰው ከባቡር ሳወርድ ኖርኩ» አሉ። «ልጄ በወርሳሜ ትኬት ተሳፍራ ባገኛት ምን ላደርግ ነበር?» ከዚያም ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሱ። እኔም ፊቴን መለስሁ፤ የአባት ዕንባ በሰው ፊት አይታይምና።

የመድኃኒቱ ናሙና አዲስ አበባ ተልኮ ተመረመረ፤ እንዳለችው ተበላሽቶ ተገኘ። የታደለው ሁሉ ከቢዮ አዋሌ፣ ከሐርላና ከሌላውም መንደር ተለቅሞ ተቃጠለ። የታመሙት ሦስቱ ሰዎች ዳኑ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ የጠፋ ነፍስ አልነበረም። ጉዳዩን የሚያይ ኮሚቴ ፊት ስትቀርብ አንዱ፣ «ተምረሽ እንዴት ይህን ታጠፊያለሽ?» ብሎ ጠየቃት።

«መድኃኒት እንዴት እንደሚሠራ ተምሬአለሁ» አለች። «በድሬዳዋ ቆርቆሮ ሥር እንዴት እንደሚኖር ግን ሳልጠይቅ አዘዝኩ። ከእኔ ይልቅ አቶ ወርሳሜ ያውቁት ነበር፤ እኔ ግን አልጠየቅኋቸውም።»

ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት፤ ለአንድ ዓመትም ወደ ቢዮ አዋሌ ጤና ጣቢያ ተዛወረች። አቶ ወርሳሜን የነካቸው የለም። የሀንጋሪውም ዕድል ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ሰው ሄደ።

ሌላ ሰው ቢሆን ያን ዓመት በማጉረምረም በጨረሰው። እርሷ ግን ሦስት የሙቀት መለኪያ ይዛ ሄደች። አንዱን በጤና ጣቢያው የቆርቆሮ ክፍል ሰቀለችው፤ ሁለተኛውን በጭቃ ቤት፤ ሦስተኛውን በእርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀበረ እንስራ። በየቀኑ ጧት፣ ቀትርና ማታ እያየች በደብተር ትጽፋለች። በየስፍራው ካስቀመጠችው መድኃኒት በየወሩ ጥቂት እየወሰደች ቀለሙንና አሟሟቱን ትመዘግባለች። አቶ ወርሳሜ በዕረፍት ቀናቸው በጭነት መኪና እየመጡ ይረዷት ነበር። ከቆርቆሮው በላይ አንድ ክንድ ከፍ አድርጎ የሣር ጣሪያ መደረብና ከጣሪያው ሥር የንፋስ መውጫ መክፈት የእሳቸው ምክር ነበር። ያ ክፍል በቀትር ከቀድሞው በዐሥራ አንድ ዲግሪ ቀዘቀዘ።

«አየሽ?» አሏት መለኪያውን ስታነብላቸው። «እኔም ዩኒቨርሲቲ ነኝ፤ ሕንፃዬ ነው የቀረው።»

ዓመቱ ሲያልቅ ደብተሩን ለቀድሞ መምህሯ ለዶክተር ገብረ መድኅን ላከችው። እሳቸውም ደብተሩን በእጃቸው ይዘው፣ ለቀጣዩ ዙር ወደ ውጭ የሚሄደውን በሚመርጠው መሥሪያ ቤት ፊት ቀርበው ተከራከሩ። «ከውጭ የሚመጣው መድኃኒት ሁሉ በብርድ አገር የተፈተነ ነው። በእኛ ሙቀት የፈተነው ማነው? ይህችን ልጅ ካልላክን ማንን ልንልክ ነው?» አሉ። ማስጠንቀቂያዋን ሲያነሡባቸውም፣ «እሱማ ዋናው የምስክር ወረቀቷ ነው» ብለው መለሱ።

በ1976 ዓ.ም. መጨረሻ ሄደች። ሀንጋሪ ስትደርስ የትምህርቱ ዘርፎች ዝርዝር ቀረበላት። አብረዋት የሄዱት አንዳንዶቹ የመድኃኒት ፋብሪካ አሠራርን፣ አንዳንዶቹ የዕፅዋትን ጥናት መረጡ። እርሷ የመድኃኒትን መቆየትና መበላሸት የሚመረምረውን፣ ከሁሉ ጥቂት ተማሪ ያለበትን ዘርፍ መረጠች። ለአባቷም፣ «የወደቅሁበትን የሙቀት ፈተና ዳግም ልፈተነው ነው» ብላ ጻፈች። አቶ ወልደጻድቅ ደብዳቤዋን በኪሳቸው ይዘው ለእያንዳንዱ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ ያነቡ ነበር።

በ1979 ዓ.ም. በማዕረግ ጨርሳ ወደ ድሬዳዋ ተመለሰች። የመጀመሪያ ሥራዋ የጣቢያውን መጋዘን በድርብ ጣሪያ ማስሠራት ሆነ። ዛሬ ጤና ረዳቶች ከየወረዳው እየመጡ የመድኃኒት አያያዝ ከእርሷ ይማራሉ፤ የመጀመሪያው ትምህርት ሁልጊዜ የራሷ ጥፋት ታሪክ ነው። ሳትሸፍን ትነግራቸዋለች።

በተመለሰች በሳምንቱ የመመረቂያ ጽሑፏን ይዛ ወደ አቶ ወርሳሜ ቤት ሄደች፤ አባቷና እኔም አብረናት ነበርን። በባዕድ ቋንቋ ከተጻፈው የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሽማግሌውን ስም በጣቷ አሳየቻቸው።

«ምን ይላል?» አሉ።

«‹መጋዘኑን ከእኔ በፊት ላወቁት፣ ለአቶ ወርሳሜ› ይላል።»

አቶ ወርሳሜ ገጹን አገላብጠው አዩት። «ሀንጋሪዎቹ አነበቡት?»

«አነበቡት፣ አዴር።»

«እንግዲያ መስኮቱ ይዘጋ ያልኩት እኔ እንዳልሆንኩ እዚያም ታውቋል» ብለው ሳቁ። ስስ ወረቀቱ እንዳይታጠፍም በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። አቶ ወልደጻድቅ ከጎናቸው ተቀምጠው የልጃቸውን ፊት ይመለከቱ ነበር፤ ያን ቀን ከእሳቸው የረጋ ደስታ ያለው ሰው በከተማው የነበረ አይመስለኝም።

የሺአረግ ሆይ፣ ለእውነት የተከፈተ ልብሽን አምላክ አይዝጋው። የአባትሽ ሽምግልና የለመለመ፣ የእናትሽ ቤት የቀዘቀዘ ይሁን። በእጅሽ የሚያልፈው ሁሉ ፈውስ ይሁን፤ በደጅሽ የሚገባውም ሰላም። አሜን።