የአይሻዋ ልጅና እንሽላሊቱ

ከቢሮ ሲወስዱኝ ሻዬን አጋምሼ ነበር። እንዳይቀዘቅዝብኝ ክዳን አድርጊበት ብዬ ለባልደረባዬ ነግሬያት ወጣሁ። ስብሰባ ላይ ስለተናገርኩት ነገር ትንሽ ገሥጸው ይመልሱኛል ብዬ ነበር። አያቴ በወታደርነት ጅግጅጋ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ እኔም እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ያረጀሁ ጸሐፊ ነኝ። ከተማውን ጠንቅቄ አውቀዋለሁ እል ነበር። ያስገቡኝን ያቺን የእስር ክፍል ግን አላውቃትም ነበር።

ጠባብ ናት። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፤ ረፋዱ ላይ መጋል ይጀምርና እስከ ማታ አይበርድም። ከፍ ብላ በሽቦ የታጠረች አንዲት መስኮት አለች። ጠዋት ጠዋት በእሷ በኩል የምትገባው ፀሐይ ወለሉ ላይ ትንሽ ቦታ ትይዛለች። እኛ ሴቶቹ ከፀሐይዋ እንሸሻለን። እሷ ላይ ደልቶት የሚተኛው አንድ እንሽላሊት ብቻ ነበር።

«ባለቤቱ እሱ ነው፣ እኛ እንግዳ ነን» አለችኝ ከአይሻ ከተማ የመጣችው ልጅ። ከእኔ በፊት የገባች፣ ሃያዎቹ ውስጥ ያለች ልብስ ነጋዴ ናት። አማርኛዋ የባቡር ከተማ አማርኛ ነው፣ ፈጣንና ተጫዋች። ገና በመጀመሪያው ቀን «አባዮ» ብላ ጠራችኝ፤ በሶማሊኛ እህቴ እንደማለት ነው።

እሷ ያጠፋችው ነገር የለም። የሚፈልጉት ወንድሟን ነበር። እሱን ሲያጡት እሷን ያዟትና «እጁን ሲሰጥ ትወጫለሽ» አሏት። ስለዚህ እኛ ሁላችን ለመፈታት ስማችን እንዲጠራ ስንለምን፣ እሷ የሷ ስም እንዳይጠራ ትለምናለች። ከሰላት በኋላ እጇን ዘርግታ ትቆይ ነበር። ወንድሟ ድንበሩን እንዲያልፍላት ነው የምትለምነው። አይሻ ለጅቡቲ ቅርብ ናት፤ ያውም መንገዱን በደንብ የሚያውቅ ልጅ ነው ትለናለች።

በዚያው ሳምንት ከጉናጋዶ አንዲት ትልቅ ሴት አመጡ። ማብላት የሌለብሽን ሰዎች አብልተሻል ተብለው ነው። ሁላችንም «ኤዶ» አልናቸው፣ አክስቴ ለማለት። ኤዶ በገቡ ማግሥት ጠዋት እንሽላሊቱን ፀሐይ ላይ አዩትና ነጠላ ጫማቸውን አወለቁ።

«ኤዶ፣ ይተዉት» አለች ልጅቷ መሐል ገብታ።

«መግደሉ ምንዳ አለው እኮ። በነቢዩ ኢብራሂም እሳት ላይ እፍ ያለው ነው።»

ነቢዩ እሳት ውስጥ በተጣሉ ጊዜ የግድግዳ እንሽላሊት እሳቱን እፍ እያለ አባብሷል ይባላል። በዚህ ምክንያት እሱን ያየ ሰው ጫማው ላይ እጁ ይሄዳል። ጎረቤቶቼ ሲያደርጉት እያየሁ ነው ያደግኩት።

«ያኛው ጣሪያ ላይ የሚለጠፈው ነው» አለች። «ይሄ መሬት ለመሬት የሚሄድ ነው። ካላመኑኝ እግሩን ይዩ።»

ኤዶ ጫማቸውን እንደያዙ ጎንበስ አሉ። የሚለጠፍ እግር መሆኑንና አለመሆኑን ሊያዩ፣ ፍርዱን ሊሰጡ ነው። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ጫማቸውን መልሰው አደረጉ።

«ይሄማ ታሟል» አሉ።

ቆዳውን እየጣለ ነበር። ጀርባው ላይ የነበረው ተልጦ አልቋል። ጣቶቹ ላይ ያለው ግን ደርቆ ቀርቶ እንደ ቀለበት ጠፍንጎ ይዞታል፤ ሁለቱ ጣቶች ጠቁረዋል። ኤዶ የፍየል ግልገል እግር ላይ ክር ሲጠመጠም እንዲህ እንደሚሆን ነገሩን። ካልተፈታ ጣቱ ይሞትና ይወድቃል። በደረቁ ከተላጠ ደግሞ ይደማል፤ መጀመሪያ መራስ አለበት።

ውሃ ግን አልነበረንም። የሚሰጡን ለመጠጥም አይበቃም። ኤዶ ዘዴ አገኙ። ለሰላት ሲታጠቡ፣ ውዱዕ ሲያደርጉ፣ ልጅቷ ከክርናቸው ሥር ጨርቅ ትዘረጋለች፤ ከእጃቸው የሚንጠባጠበው ጨርቁን ያርሰዋል። እንሽላሊቱን በእርጥቡ ጨርቅ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች። ሲለሰልስ በጥፍሯ ጫፍ ትንሽ ታነሳለታለች፤ እንቢ ካለ ለነገ ትተወዋለች። መጀመሪያ ላይ ይነክሳት ነበር። በኋላ ዓይኑን ጨፍኖ ይተኛላት ጀመር።

ምግቡም ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። ዳቦ ሰጠነው፣ ዞር ብሎም አላየው። የማይንቀሳቀስ ነገር ለሱ ምግብ አይደለም። ልጅቷ ከጋርባሳሯ፣ ከትከሻ ልብሷ ማለቴ ነው፣ ክር መዘዘችና የሩዝ ፍሬ አሥራ ወለሉ ላይ ትጎትትለት ጀመር። ሮጦ ያዘው፤ አፉ ውስጥ ካስገባው በኋላ ተፋውና አፈጠጠባት። ያን ቀን የሳቅነው ሳቅ ጠባቂ አስመጣብን። ከዚያ በኋላ ሁላችንም ዝንብ አዳኝ ሆንን። የተከበሩ ሴቶች፣ እኔም የቢሮ ጸሐፊዋ፣ መዳፋችንን ጎድጎድ አድርገን ግድግዳ ለግድግዳ ስንሄድ ውለናል። ኤዶ የሁላችንም አለቃ ነበሩ፤ ጨፍልቀን ካመጣን ይቆጡናል፤ ሕያው ነው የሚፈልጉት።

ጣቶቹ አንድ በአንድ ተፈቱ። ከጠቆሩት ሁለቱ አንደኛው መልሶ ቀለም ያዘ። የሚቀረው ሌላኛው ብቻ ነበር።

እሱን ይዛ ሳለ ነው በሩ የተከፈተው። ረፋድ ነበር። ጠባቂው ስሟን ጠራና «ከነዕቃሽ ውጪ» አላት።

ከነዕቃሽ ማለት ተፈትተሻል ማለት ነው። በክፍሏ ልማድ የሚፈታ ሰው እልል ተብሎ ነው የሚሸኘው። የዚያን ቀን ጠዋት የገቡ ሁለት ሴቶች፣ ነገሩን የማያውቁ፣ እልልታውን ጀመሩት። ኤዶ ተንደርድረው የአንደኛዋን አፍ በመዳፋቸው ያዙ። ሌላኛዋ ፊታችንን አይታ አቆመች።

ልጅቷ ቀና አላለችም።

«አልሰማሽም?» አላት ጠባቂው።

«ሰምቻለሁ» አለች። «አንድ ጣት ቀርቶኛል። ጨርሼ ነው የምወጣው።»

ይጎትታታል ብዬ ደነገጥኩ። ጎንበስ ብሎ ጭኗ ላይ ያለውን አየ። ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ የበሩን መቃን ተደግፎ ቆመ። ቆም እያለች፣ እየተነፈሰች ነው የሠራችው። ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ሆኖ ሳይቀደድ ወጣ። እንሽላሊቱን ፀሐይዋ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ማበጠሪያዋንና ጋርባሳሯን ያዘች፤ ዕቃዋ ይኸው ነበር። የኤዶን እጅ ሳመች። ለእኔ «አባዮ፣ ሩዝ እንዳትሰጪው፣ ይቀየምሻል» አለችኝ። ልትቀልድ ሞክራ ነው።

በሩ ሲዘጋ ያለቀስኩትን ያህል ለራሴም አልቅሼ አላውቅም።

እንሽላሊቱ ከሷ በኋላ ብዙ አልቆየም። አንድ ጠዋት ሳናየው ዋልን፤ በመስኮቱ ወጥቶ ነው ብለን ተስማማን። እኔም በተራዬ ወጣሁ፤ በእኔ ምትክ የገባ ሰው ስለሌለ እልልታዬን ሳልሳቀቅ ሰማሁት።

ዓመታት ካለፉ በኋላ ለሥራ ወደ አይሻ ሄጄ ፈልጌ አገኘኋት። ልብስ ትሸጣለች። ከስታለች። ሱቋ ውስጥ ተቀምጠን የዚያን ቀን ነገር ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ወንድሟ ድንበሩን አልፎ ነበር። እሷን መያዛቸውን ሲሰማ ነው የተመለሰው። እሷን ሲያወጧት እሱን ሲያስገቡት ኮሪደሩ ላይ ተላለፉ። መቆም አልተፈቀደላቸውም።

«በልተሻል? አለኝ» አለች። «በልቻለሁ አልኩት። ሳልበላ። እሱ ግን ያውቅብኛል አባዮ፣ ፊቴን ያውቃል።»

እስከ ዛሬ አልተመለሰም። የት እንዳለ የሚነግራት፣ ሞቷል የሚላትም የለም።

እኔ ሥራዬ ላይ ነኝ፣ እዚያው ጠረጴዛ። እዚያ ውስጥ ምን አደረጓችሁ ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች ትልቅ ነገር ይጠብቃሉ። ስለ አንድ እህትና ወንድም ስነግራቸው ይሄ ብቻ ነው ወይ የሚል ፊት ያሳዩኛል። እኔ ከዚህ የሚከብድ አላውቅም። አንዳንድ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ወደ አይሻ እደውልላታለሁ። ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ መብላቷን ነው የምጠይቃት። ለእኔ አትዋሽም፤ ብዙ ጊዜ አልበላችም።