እህቴን ያስገደፍኩበት ድንች

ዛሬ ታላቅ እህቴን በፍልሰታ ጾም የበሬ ሞራ አበላኋት። እስካሁን አላወቀችም።

እኔ አሜሪካ ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ እሷ እዚያው ቅርብ ካለችው ከአሌክሳንድሪያ ተነስተን፣ በእንግሊዝ የባሕር ጠረፍ ያለች ትንሽ መንደር እየጎበኘን ነው። ዘንድሮ የምትጾመው ለታመመች ልጇ ተስላ ነው።

ጠዋት ገደል አፋፍ ላይ ያለውን የመርከብ መብራት ማማ አየን። አሮጌዋን የድንጋይ ቤተ ክርስቲያንም ተሳለመች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አልቀመሰችም።

ከዚያ ወደቡ አጠገብ ካለ ዓሣ ቤት የድንች ጥብስ ገዛሁላት።

«በምን እንደሚጠብሱት ጠይቀሃል?» አለችኝ።

«እትዬ ደግሞ፣ ድንች ይታረዳል እንዴ?» ብዬ ቀለድኩባት።

አምናኝ በላች። መረቀችኝም።

ሳህኑን ልመልስ ስገባ ግድግዳው ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ እዚህ ቤት ሁሉም ነገር የሚጠበሰው በበሬ ሞራ ነው። ጭራሽ የሚኮሩበት ነገር ኖሯል።

አሁን አጠገቤ ተቀምጣ ባሕሩን እያየች፣ «ነገም እዚያው ቤት ውሰደኝ» ትለኛለች።

ልነግራት ነው፤ ከየት እንደምጀምር ግን ጠፋኝ። እንደኔ በቀልዳችሁ ሰው ያስገደፋችሁ ካላችሁ፣ የመጀመሪያዋን ቃል ምን ብላችሁ እንደጀመራችሁ ጻፉልኝ።