ለቀብር የተጨመሩ አሥራ አራት ደቂቃዎች

ሰርካለም ጎረቤላ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። እሑድ ሲሆን ግን ወፍራም ሱሪ ላይ ጥቁር ቁምጣ ደርባ (የአንኮበር ብርድ ለደንብ ልብስ አይገዛም)፣ ፊሽካዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ኳስ ሜዳ ትወጣለች። ሁለቱም እጇ ላይ ሰዓት አለ። አንዱ፣ ጨዋታ ሲቆም የምታቆመው ነው፤ ሌላው ምንም ቢመጣ አይቆምም። ሠፈሩ ግን "አንዱ የባሏ ነው፤ ቤት ውስጥም ሰዓት የምትይዘው እሷ ናት" ይላል። ባሏ ሲጠየቅ አይክድም።

ደብረ ብርሃን ሄዳ የዳኝነት ኮርስ ስትወስድ ደብተሯ ላይ በቀይ ያሰመረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰዓት የሚይዘው ዳኛው ነው፤ የባከነውን የሚጨምር እሱ፣ ጨዋታውንም የሚጨርስ እሱ። ጎረቤላ ይህን አታውቅም ነበር። እዚያ ጨዋታ የሚያልቀው እንግዶቹን ያመጣው ሚኒባስ ክላክስ ሲያደርግ ነበር። ጉሙ መንገዱን ሳይዘጋው መውጣት ስላለባቸው፣ ሰባኛው ደቂቃም ይሁን መቶኛው፣ ክላክስ ከተሰማ እንግዳው ማሊያውን እያወለቀ ይሮጣል። ከሷ በፊት የነበሩት ዳኛማ ፊሽካ የሚነፉት ክላክሱን ሰምተው ነው።

ባለፈው መጋቢት የጫጫ ቡድን መጣ። ለሰርካለም የግምገማ ቀን ነበር፤ ካለፈች የዞን ውድድር ትዳኛለች፣ ከወደቀች ሁለት ዓመት ትጠብቃለች። ገምጋሚው አቶ መልካሙ ከጫጫዎች ጋር በአንድ ሚኒባስ መጥተው ቅጻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ተቀመጡ።

ጫጫ አንድ ለዜሮ እየመራ፣ ስድሳ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ የአቶ ገብረአብ አስከሬን በሜዳው ጥግ አለፈ። ሁሉም ቆመ። በዚህ ቢያበቃ ሁለት ደቂቃ ነበር። ነገር ግን ስድስቱ የጎረቤላ ተጫዋቾች የእድር አባላት ናቸው፤ ስም ሲጠራ አለመገኘት አይታሰብም። ከነማሊያቸው እስከ ቤተ ክርስቲያን ተከትለው "አቤት" ብለው ተመለሱ። ሰርካለም አንዱን ሰዓቷን አቁማ ጠበቀች። አሥራ አራት ደቂቃ ሆነ።

ዘጠናው ሲሞላ ክላክሱ ጮኸ። ጫጫዎች እየተቃቀፉ ሚኒባሱ ውስጥ ገቡ። ሰርካለም ፊሽካዋን ሳትነፋ ተከተለቻቸው።

"እታለም፣ አልቋል እኮ። አልሰማሽም?" አላት ሹፌሩ ወልደሩፋኤል።

"ጋሼ ወልደሩፋኤል፣ እርስዎ የሚይዙት መሪ ነው። አሥራ አራት ደቂቃ ይቀራል።"

"ለምኑ?"

"ለቀብሩ።"

"ሰውየው ሰዓታቸው አልቆ ነው የተቀበሩት። አንቺ ልትቀጥይላቸው ነው?"

ሚኒባሱ በሳቅ ተናወጠ። ሰርካለም ግን ዓይኗ ጋቢና ላይ ነበር። አቶ መልካሙ እዚያ ተቀምጠዋል። ቅጹ ተሞልቶ፣ ተፈርሞ፣ ብዕሩ ኪስ ገብቷል። "ሰዓት አያያዝ" ከሚለው ፊት ለፊት "በጣም ጥሩ" ተጽፏል። ዝም ብትል የዞን ዳኝነት ፈቃዱ የሷ ነው።

"እርስዎም ይውረዱ፣ አቶ መልካሙ።"

"እኔ ጨርሻለሁ ልጄ። ጥሩ አድርጌ ነው የሞላሁልሽ።"

"እኔ አልጨረስኩም። ጨዋታ ሳያልቅ ሜዳ ጥሎ የሚሄድ ቡድን ፎርፌ ይሰጥበታል። ገምጋሚ ጥሎ ሲሄድ ምን እንደሚደረግ ግን አላስተማራችሁንም።"

ሳቁ ቆመ። አቶ መልካሙ ፊታቸው ቀላ፤ ከዚያ ወረዱ። ፎርፌ የሚለውን የሰሙት ጫጫዎችም እያጉረመረሙ ወረዱ። የቀረው በረኛቸው ነቢዩ ነበር።

"ብወርድ የመስኮቱን ቦታ ይቀሙኛል።"

"ዕቃ አስቀምጥበት።"

ሌላ ዕቃ ስላልነበረው አንድ ጓንቱን ወንበሩ ላይ ትቶ፣ በሌላኛው ብቻ ሊጠብቅ ወረደ።

ጉሙ የሜዳውን መሐል ሲውጥ ጎረቤላዎች ባለ አንድ ጓንቱን በረኛ እያዩ እንደ ንብ ወረሩ። አሥራ አራተኛዋ ደቂቃ ልትሞላ ስትል ባየው የሚባለው አጥቂ አክርሮ መታ። ኳሷ ከእግሩ ወጥታ መረብ ሳትደርስ ሰርካለም ነፋች። ከዚያ መረቡ ተወዛወዘ።

አንድ ለዜሮ አለቀ። እስከዚያች ደቂቃ ሲረግሟት የነበሩት ጫጫዎች "እህታችን" አሏት። የገዛ አገሯ ሰው ደግሞ ያልሰደበው ዘሯ የለም።

"ልጄ፣ ኳሷ አየር ላይ ነበረች እኮ" አሉ አቶ መልካሙ።

"አይቻታለሁ። ሰዓቱ አልቆ ነበር።"

ቅጹን አውጥተው "በጣም ጥሩ" የሚለውን ሰረዙት። ከሥሩ በብርድ በደነዘዘ እጅ "ከገምጋሚው ትሻላለች" ብለው ጻፉ፤ እንደገና ፈረሙ።

እሳቸው ሲሄዱ የባየው እናት እትዬ ንጋቷ መንገዷ ላይ ቆመው ነበር።

"አንቺ ልጅ፣ ለሟች አሥራ አራት ደቂቃ ሰጥተሽ ለልጄ አንዲት ሰከንድ ነፈግሽው?"

"እትዬ፣ አቶ ገብረአብ ራሳቸው ተነሥተው ቢለምኑኝም አልጨምርላቸውም ነበር።"

"እሳቸው ቢነሡማ መች አንቺ ዘንድ ይመጣሉ፤ ቀጥታ ጠላ ቤት ነው።"

እትዬ ንጋቷ ሳቃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደበቁ። ይቅርታ ግን አላደረጉላትም፤ እስከ ፋሲካ ድረስ ሰላምታቸው በአንገት ብቻ ነበር።