ዘጠኝ ቁጥር ሥዕል

የኤግዚቢሽኑ መክፈቻ ዕለት ጠዋት አዳራሹ በር ላይ ስደርስ የሠዓሊዎች ማኅበራችን ሊቀመንበር እጃቸውን ዘርግተው ወደ እኔ መጡ። እዚሁ ገዳሪፍ ከተማ በትምህርት ቤቶች ሥዕል ሲያስተምሩ የኖሩ ሱዳናዊ ናቸው፤ ሁላችንም «ኡስታዝ» እንላቸዋለን።

«መብሩክ! እንኳን ደስ አለሽ!» አሉኝ። «ዘጠኝ ቁጥር አንደኛ ወጣ። ዘጠኝ አንቺ ነሽ፣ አይደለም?»

ዘጠኝ እኔ ነበርኩ። የለበስኩትን የሱዳን ቶብ ሰብስቤ እየተቻኮልኩ ገባሁ። ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ላይ፣ ጥሩው ብርሃን ካለበት ቦታ፣ አንድ ሥዕል ተሰቅሏል። ከሥሩ በዓረብኛ ስሜ ተጽፏል። ሥዕሉ ግን የእኔ አልነበረም።

እኔ ያቀረብኩት የድንበሯን ከተማ ገላባትን ነው። ሎሪዎች ተደርድረው፣ ሕዝቡ ዕቃውን ተሸክሞ በእግሩ ወደ መተማ ሲሻገር። ከባሌ ጋር በምንሠራበት የጨርቅ ሱቅ ውስጥ ገበያ በቀዘቀዘ ሰዓት ሁሉ እየተቀመጥኩ አራት ወር ለፍቼበታለሁ። ግድግዳው ላይ ያለው ደግሞ የታጨደ ሰሊጥ ነው፤ ነዶው እየተደጋገፈ ቆሟል፣ በመሐሉ ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። የሚያብረቀርቀውን ቀለም ሳይ የማን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። የሎሪ ቀለም ነው።

በማኅበሩ ውስጥ ሐበሻ ሁለት ብቻ ነበርን። አንዷ እኔ፣ ሌላው የዚህ ሥዕል ባለቤት፤ የመተማ ሰው። በእርሻው ወራት ቁረይሻ ወርዶ ሰሊጥ ያርማል፣ ያጭዳል። በጋውን ከተማ እየመጣ የሎሪ በርና ጎን ይቀባል፣ አበባና ንስር ይስላል። ሱቃችን ሲመጣ ቁጭ ብለን የአገር ቤት ወሬ እናወራለን። ዓረብኛ መጻፍ ስለማይችል የማኅበሩን ወረቀት የምሞላለት እኔ ነኝ።

ያን ዓመት ከካርቱም ሦስት ዳኞች እንደሚመጡና የሠዓሊውን ስም ሳያዩ፣ በቁጥር ብቻ እንደሚመርጡ ተነገረን። አጨዳው ደርሶ ስለነበር ሥዕሉን በጆንያ ጠቅልሎ ሱቅ ትቶልኝ ሄደ። ሳልፈታው፣ ጆንያውን ከጀርባው በኩል ብቻ ገለጥ አድርጌ ቁጥሩን ለጠፍኩበት። የእኔንም እንደዚያው። ሰሌዳዎቹ ከአንድ ኮምፔርሳቶ የተቆረጡ ናቸው፤ ጆንያውም አንድ ዓይነት ነው። ዘጠኝ የእኔ፣ አሥር የእሱ። እኔው ራሴ ነበርኩ የለጠፍኩት። ሌላ ማንም እጁን አላስገባበትም።

ይህን እያሰብኩ ደርቄ ቆሜ ሳለሁ ከዳኞቹ አንዷ፣ ነጭ ቶብ የለበሱ አሮጊት ሠዓሊ፣ አጠገቤ መጡ።

«ፊቷን ለምን አዞርሽው ልጄ?» አሉኝ።

የእኔ አይደለም ማለት ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ፊቷን አላስታውሰውም» አልኳቸው። «እናቴ ናት። እዚህ አገር እንደመጣን ቁረይሻ ሰሊጥ ታርም ነበር። እኔ ሕፃን ሳለሁ ሞተች። ትዝ የሚለኝ ጀርባዋና ሰማያዊ ቀሚሷ ነው።»

አሮጊቷ ትከሻዬን ዳሰስ አድርገው ሄዱ። የተናገርኩት ቃል በቃል እውነት ነው። ታዲያ ለምንድን ነው እንደ ሌባ ፊቴ የጋለው? ደግሞስ እናቴ በእሱ ሥዕል ውስጥ ምን ትሠራለች? አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ስለሷ አጫውቼው ነበር። ከዚያ ወስዶ ይሆን? ወይስ ሴትዮዋ ማንም ናት፣ እኔው ነኝ እናቴ ያደረግኳት?

የወደቁት ሥዕሎች ወደ ተከመሩበት ክፍል ሄድኩ። ገላባቴ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ጀርባዋን ሳዞረው አሥር ቁጥር። እኔ ወድቄያለሁ ማለት ነው። ዝም ካልኩ ግን አንደኛ ነኝ።

ወጥቼ ለኡስታዝ ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ። «አሁን እንግዶች እየገቡ ነው» አሉ። «ሁለታችሁም ሐበሻ ናችሁ፣ ሁለታችሁም የኛ ናችሁ። ኸላስ፣ በቃ፣ በኋላ እናስተካክለዋለን።»

በኋላ የሚባለው መቼ እንደሆነ አላወቅኩም። ቀጥ ብዬ ወደ አሮጊቷ ሄጄ፣ «ሥዕሉ የእኔ አይደለም፤ ቁጥሩን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። «ቅድም ግን መለስሽልኝ።»

«የመለስኩት እውነት ነው።»

«አልገባኝም።»

«እኔም አልገባኝም» አልኩ፤ እንባዬ መጣ።

ከቦርሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው ስሜን ሰረዙና «የማን ነው?» አሉኝ። ስሙን ነገርኳቸው። በእጃቸው ጻፉት።

ከሁለት ቀን በኋላ የምስክር ወረቀቱንና የተሸለመውን የቀለም ሣጥን ይዤ በሎሪ ቁረይሻ ወረድኩ። ነዶ ሲያስር አገኘሁት። የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኩት። ወረቀቱን አገላብጦ አየና፣ «ያንቺስ እታለም?» አለኝ።

«ወደቀ።»

ላቡን ጠረገ።

«ሴትዮዋ እናቴ ናት?» አልኩት።

«እንጃ እታለም። አንቺ እያወራሽልኝ እኔ ሳልኩ። አክስቴም እንዲህ ያለ ቀሚስ ነበራት። ማንኛዋ እንደሆነች በምን ልወቅ?» ቀጥሎም ኮስተር ብሎ፣ «እግሯ እንዳላለቀ ግን ዳኞቹ አይተውታል? ፈጥነህ አምጣ እያልሽ አጣደፍሽኝ እኮ» አለ።

የመጣሁት ይቅርታ ልጠይቅ ነበር፤ እሱ የተቆጣው በእግሯ ነው። ሳቄ መጣ፣ ግን አልሳቅኩም።

አጨዳው ሲያልቅ ከተማ መጥቶ ሥዕሉን ከአዳራሹ ወሰደ። ለአክስቱ ሊያሳያት መተማ ይዞት ሄደ፤ የሴትዮዋን እግር ይጨርሰው አይጨርሰው አላየሁም። ከመሄዱ በፊት ገላባቴን አውጥቼ አሳየሁት። ረጅም ጊዜ ተመለከታት።

«ሎሪው በዛ» አለኝ። «ሰዎቹ መሄጃ አጡ።»

ተናድጄ ሰነበትኩ። ከዚያ ሁለቱን ሎሪዎች አጠፋኋቸው። በሚቀጥለው ዓመት ሳቀርባት አለፈች፤ ጥግ ላይ፣ ከበሩ ኋላ ሰቀሏት። ኡስታዝ «መብሩክ» ሲሉኝ፣ ሥዕሉ ስለተሻለ ነው ወይስ ያለፈው ዓመት ስላሳዘናቸው ነው ብዬ ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር። ሳልጠይቃቸው ጡረታ ወጥተው ከከተማው ሄዱ።