ሦስተኛዋ እግር

በሰፈሩ ኮምፒውተር የሚገጥመውን ሰው በስሙ የሚጠራው የለም። ጣጣ የለሽ ነው የሚሉት። ስሙን ያወጡለት ባለ ፋርማሲው ናቸው። ሌላው ባለሙያ «ነገ ልምጣ፣ ሽቦው ይለካ፣ ቆጣሪው ይታይ» እያለ ሰው ሲያመላልስ፣ እሱ ከች ብሎ፣ ካርቶኑን ቀዶ፣ ገመዱን ሰክቶ፣ ማሽኑ «ጢጥ» ሲል «በሉ ደህና ዋሉ» ብሎ ይሄዳል። ሰውም ወደደው። ማን ጣጣ ይወዳል?

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ጣጣውን አያጠፋውም ነበር፤ ለባለቤቱ ትቶለት ነበር የሚሄደው። ሲፒዩውን ከግድግዳ ጋር አጣብቆ መተንፈሻውን ይደፍናል። ማከፋፈያ ላይ ማከፋፈያ ይቀጥላል፤ ገመዱን ሰው በሚረግጠው ምንጣፍ ሥር ይሸጉጣል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የሦስተኛዋ እግር ነገር ነው። የኮምፒውተሩ ገመድ መሰኪያ ሦስት እግር አለው፣ የሰፈሩ አሮጌ ቤቶች ሶኬት ግን ሁለት ቀዳዳ ብቻ። ሦስተኛዋ የመሬት መስመር ናት፤ ወደ ማሽኑ ብረት ሾልኮ የወጣውን ኤሌክትሪክ ተቀብላ መሬት ውስጥ የምትቀብረው እሷ ናት። ደንቡ ሶኬቱን መቀየር፣ ግቢው ውስጥ ዘንግ ቀብሮ ሽቦ መሳብ ነው። ይህ ደግሞ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ጣጣ የለሽ ፒንሳውን መዥረጥ ያደርግና እግሯን ቀጭ! «ሰውስ በሁለት እግሩ አይደል እንዴ የሚሄደው?» ይላል። ሰው ይስቃል። ስባሪዋን ዕቃ ሣጥኑ ውስጥ ይወረውራታል፤ ሣጥኑን ባነሳ ቁጥር ከሥር የሚንኳኩት እሷና ብጤዎቿ ናቸው።

አላውቅም ነበር እንዳይል፣ ተምሯል። ያስተማረው ሰው ይህችኑ መሰኪያ ከፍ አድርጎ፣ «ይቺ እግር ዕድሜ ልኳን ሥራ ፈት ትመስላችኋለች፤ የሰው ነፍስ የምታተርፈው ግን እሷ ናት» ብሎ ነግሮታል። ሰምቷል። ሰምቶ ነው የሰበረው።

እንግዲህ ይህ ሰው አክስት አለችው። እናቱ በሕፃንነቱ ስትሞትበት አዝላ ያሳደገችው፣ እናቴ ቢላት የማይበዛባት አክስት። በጽሕፈት መኪና ዘመን በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች፤ በዓይኗ ባለጉዳይ እያየች፣ በአፏ እየተጫወተች፣ በጣቷ ደብዳቤ የምትጨርስ። ጡረታ ስትወጣ ከመሥሪያ ቤቱ አሮጌ የብረት ጠረጴዛ ተሰጣት፤ እሱን መንገድ ዳር ባለች አንዲት ክፍል አስቀምጣ የጽሕፈት ሱቅ ከፈተች። ኮምፒውተሩን የገጠመላት ማን ይሆን? ሲፒዩውን የብረት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ሶኬቱ ሁለት ቀዳዳ ነበር፤ እሱም እግሯን ቀጭ አደረጋት። ለባዳ ያደረገውን ለሥጋውም አደረገ፤ በአድልዎ እንኳ አይታማም!

አክስቱ እግሯ ስለሚያብጥ ሥራ ስትጀምር ጫማዋን ታወልቃለች፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ክንዶቿን ደግሞ በጠረጴዛው ብረት ጠርዝ ላይ ታሳርፋለች። ወር ሳይሞላት፣

«ልጄ፣ እጄን አንዳች ነገር ይነዝረኛል» አለችው።

«ማሽኑ ወዶሽ ነዋ አክስቴ!» አለና ሳቀ። እሷም ሳቀች።

ቀልዱ እዚህ ላይ ቢቆም ደግ ነበር። ሌላ ቀን መልሳ ነገረችው፤ ከጣቷ እስከ ክርኗ እንደሚወራት፣ አንዳንዴ እጇን መንጭቃ እንደምታነሳ። እሱ ወፍራም የጎማ ጫማ ነው የሚያደርገው፤ ጠረጴዛውን ነካ ነካ ቢያደርገው ምንም አልተሰማውም። «እርጅና ነው፣ አክስቴ። የደም ሥር ነገር ነው፤ ለማንኛውም ሐኪም ይይሽ» አላት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ከበሩ እንደወጣ «እግሯ ትሆን እንዴ?» የሚል ሐሳብ ብልጭ ብሎበት ነበር። ሌላ ሥራ ይጠብቀው ነበርና «በሚመጣው ሳምንት አየዋለሁ» አለ። የሚመጣው ሳምንት ሳይመጣ ዓመት አለፈ።

አክስቱ አመነችው። ባለሙያ ነው፤ ያውም በእጇ ጎርሶ ያደገ ልጅ፤ እንዴት አታምነው? ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ የነርቭ ክኒን አዘዘላትና እጅሽን አሳርፊ አላት። መብራት በጠፋ ቀን እጇ ደህና ውሎ ያድራል፤ «አያችሁ፣ ዕረፍት ሲያገኝ ይተወኛል» ትላለች። መብራትና በሽታ ምን አገናኛቸው ብሎ የጠየቀ የለም። መጠየቅ የነበረበት አንድ ሰው ነበር፤ እሱ ደግሞ ሻዩን ፉት ይል ነበር።

ቀስ በቀስ እጇን ፈራችው። ትኩስ ድስት ማንሳት ተወች። ብርጭቆ በሁለት እጇ መያዝ ጀመረች። ልጇ፣ ከጣጣ የለሽ ጋር እንደ እህትና ወንድም ያደገችው፣ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ጊዜ ዘመድ ሁሉ ሕፃኗን እየተቀባበለ ሲስም፣ አያት እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች። «ያዣት እንጂ እማዬ» ቢሏት፣ «እጄ አይታመንም፤ ብጥላትስ?» ብላ ግንባሯን ብቻ ጎንበስ ብላ ሳመቻት። ጎረቤት መቼም አፍ አለው፤ «የልጅ ልጇን የማታቅፍ ምን ዓይነት አያት ናት?» ተባለ። ጣጣ የለሽ ያን ቀን እዚያው ነበር። የጎረሰው አልወርድ አለው። ውሃ ጠጣበትና ወረደ።

በመጨረሻም አክስቱ ወንበሯን ለልጇ ለመልቀቅ ቆረጠች። «እኔስ በቃኝ፤ እጄ ከድቶኛል። መጥተህ ማሽኑን ለእህትህ አስተካክልላት» ብላ አስጠራችው።

ሲደርስ እህቱ ወለሉን ወልውላ፣ ስስ ነጠላ ጫማ አድርጋ፣ ሕፃኗን ጭኗ ላይ አስቀምጣ መጻፍ ጀምራለች። አክስቱ ከጎን አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ታያለች። እሱ የወንበሩን ብሎን ሊያጠብቅ ካቻቢቴውን እያወጣ ሳለ እህቱ ክንዷን ድንገት አነሳችና፣

«እማዬ፣ ይሄ ነገር ይነዝራል እንዴ?» አለች።

የአክስቱ ፊት አመድ መሰለ። «የቱ ጋ? ጣትሽን ነው? እስከ ክርንሽ ይወጣል?»

«አዎ፣ እስከ ክርኔ…»

«ወይኔ ልጄን!» ደረቷን መታች። «ወይኔ በሽታዬን አወረስኳት! ለኔ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፣ እኔ ጠግቤ ኖሬያለሁ፤ ይቺ ገና ልጅ የምታሳድግበት እጇን…» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ጣጣ የለሽ ክው አለ። እንግዲህ ለመናገር ከዚህ የተሻለ ጊዜ ከየት ይመጣል? እሱም አፉን ከፈተ፤ ከአፉ የወጣው ግን፣ «እ… እንቅልፍ አጥታ ይሆናል። ሕፃን የያዘች ሴት…» የሚል ነበር። ቃሉ ከአፉ ሳያልቅ ራሱን ጠላው።

ሕፃኗ ጥርስ ልታበቅል ነው መሰለኝ ቀኑን ሙሉ ጣቷን ትጠባለች። በምራቅ የራሰ እጇን ከአፏ አውጥታ ወደሚያብረቀርቀው የጠረጴዛ ጠርዝ ዘረጋችው። ጣጣ የለሽ ካቻቢቴውን ጥሎ፣ አግዳሚውን ዘሎ፣ ገመዱን ከግድግዳው መንጭቆ ነቀለው። እስክሪኑ ጠፋ። ሕፃኗ ደንግጣ ታለቅስ ጀመር።

«ምን ሆንክ ወንድሜ? አበድክ?» አለች እህቱ።

አክስቱ ማልቀሷን ትታ እጁን ታያለች። ገመዱ እጁ ላይ ነው፤ ሁለት እግርና አንዲት ጉርድ።

«ለምን ነቀልከው?» አለችው ቀስ ብላ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ሕፃኗን እንዳይነዝራት» አለ።

«ማን?»

«ማሽኑ። ጠረጴዛው። አክስቴ፣ እጅሽ አልታመመም። ይቺን እግር እኔ ነኝ የሰበርኳት። ኤሌክትሪኩ መውረጃ አጥቶ ብረቱ ላይ ይቀመጣል፤ ያ ነው የሚነዝርሽ። እርጅና አይደለም። ምንም አይደለሽም።»

አላመነችውም። ሕፃኗን ይዛ እህቱ ደጅ ወጣች፤ እሱ ገመዱን ለአፍታ መልሶ ሰካውና ቴስተሩን ከኪሱ አወጣ፤ ብረት ላይ ኤሌክትሪክ ሲኖር እጀታው ውስጥ ያለች መብራት የምትበራ ካቻቢቴ ናት። ጫፏን ጠረጴዛው ላይ አሳረፋት። ቀይ መብራት ብልጭ አለች።

አክስቱ ጎንበስ ብላ አየቻት። «ይቺ ናት በሽታዬ?» አለች።

ገመዱን ነቀለ።

«ታውቅ ነበር?»

አላውቅም ማለት ይችል ነበር። «ጠርጥሬ ነበር» አለ። «ለሚመጣው ሳምንት እያልኩ…»

«ሐኪሙ አላወቀም፤ እሱን አልቀየመውም» አለች አክስቱ። ድምፅዋን ከፍ እንኳ አላደረገችም፤ ብትጮህበት በወደደ ነበር። «አንተን ግን ነግሬህ ነበር። ነግሬህ ሳቅህ። አንተ ስትስቅ እኔም ሳቅሁ። ይቺን ልጅ ከተወለደች ጀምሮ አቅፌያት አላውቅም።»

ጣጣ የለሽ ማልቀስ አማረው፤ ለማልቀስም ፊት አጣ። ወጥቶ ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶኬት፣ አዲስ ገመድ፣ የመዳብ ሽቦና ዘንግ ገዝቶ ተመለሰ። ግቢው ውስጥ ከቧንቧው አጠገብ፣ አፈሩ እርጥብ በሆነበት፣ ዘንጉን በመዶሻ ይቀብር ጀመር። መንገደኛ ሁሉ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀልድበታል፤ «ዛሬስ ጣጣ የለሽ ጣጣ ገባ!» የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ፤ ይኸው አጎንብሶ ሲለቅም ዋለ። ሽቦውን ስቦ በደንብ አሰረ፣ ሶኬቱን ቀየረ፣ ሲፒዩውን ከግድግዳው አራቀ፣ ምንጣፉን ገልጦ ገመዱን በግድግዳው ጥግ አስኬደ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ማሽኑን አስነሳና ቴስተሩን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። መብራቷ አልበራችም።

«በይ አክስቴ፣ እጅሽን አሳርፊበት» አላት።

«አንተ አስቀድም።»

ጫማውን አወለቀ። ካልሲውንም። በባዶ እግሩ ሲሚንቶው ላይ ቆሞ ሁለት መዳፉን ብረቱ ላይ ዘረጋ። አክስቱ ፊቱን ለረጅም ጊዜ አጠናች፤ ድሮ ሲዋሽ እንደምታየው። ከዚያ እሷም ጫማዋን አውልቃ፣ ክንዶቿን እንደ ቀድሞው ጠርዙ ላይ አሳረፈች። ጠበቀች። ጣቶቿን አንቀሳቀሰች፤ አንድ መስመር ጻፈች፤ ደግማ ጠበቀች። ምንም የለም።

ተነስታ ቧንቧው ጋ ሄደች፤ እጇን በሳሙና ታጠበች፤ በቀሚሷ አደራረቀች።

«አምጪያት» አለች ልጇን።

ሕፃኗን ተቀበለቻት። መጀመሪያ ብርጭቆ እንደምትይዘው ፈርታ ያዘቻት፤ ከዚያ ደረቷ ላይ ልጥፍ አደረገቻት። ጣጣ የለሽ ማየት አልቻለም፤ ዕቃውን መሰብሰብ ያዘ። ሣጥኑን ሲያነሳ ከሥሩ ተንኳኳ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች አክስቱ።

ሣጥኑን ከፈተላት። ከብሎኑና ከናስትሮው ሥር ስባሪዎቹ ተከምረዋል።

«የማን የማን ናቸው?»

«አላውቅም» አለ። እውነቱን ነው፤ አንዷንም አያውቃትም።

«እንግዲያ በር ሁሉ አንኳኳ» አለች፤ ከሕፃኗም ቀና አላለች።

በማግሥቱ ከፋርማሲው ጀመረ። ባለ ፋርማሲው ከባንኮኒው ጀርባ ኮምፒውተራቸው ላይ ተደፍተዋል። ሲያዩት ደስ አላቸው።

«ጣጣ የለሽ! በል ና፣ ምን እግር ጣለህ? እኔ እኮ ያ ያልኩህ የእጄ ነገር ብሶብኛል። እርጅና ነው ብለኸኝ የለ? ይኸው ለአክስትህ ከምሸጥላት ክኒን እኔም ጀመርኩ።»

ከማሽኑ አጠገብ የክኒን ብልቃጥና ግማሽ ብርጭቆ ውሃ አለ። ጣጣ የለሽ ሣጥኑን መሬት ላይ አስቀመጠ። ጎንበስ ብሎ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለ።

«ጋሼ፣ እሱን አይዋጡ» አላቸው። «እጅዎ ደህና ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»