ከፍራንክፈርት ኦስሎ ሁለት ሰዓት

የተያዝኩት ካርቶን ይዤ ቆሜ ነው። የመኖሪያ ወረቀታችንን የሚያድሰው ቢሮ በኮሮና ምክንያት ከተዘጋ ወራት አልፈው ነበር፤ ፖሊስ ግን ወረቀቱ ያልታደሰለትን ሰው ማሰሩን አልተወም። ሐበሻ ከሚበዛበት ከሜይፌር ሰፈር ተሰብስበን የቢሮው በር ላይ ቆምን። ካርቶኔ ላይ «ክፈቱልን» የሚል ተጽፎበታል። እኔ አልጮህኩም፤ ድሮም ድምፄ አይወጣም። ቢሆንም ያዙኝ።

ያሰሩኝ ክፍል እርጥብ ሲሚንቶና በረኪና ትሸታለች። አንዲት ጎልማሳ ሐበሻ ሴት ግራጫ ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጠዋል። እትዬ አልኳቸው። ወረቀታቸው ስላልታደሰ ከታሰሩ ሦስት ቀን ሆኗቸዋል። ያን ዕለት የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ብቻዋን፣ ፍራንክፈርት ላይ አውሮፕላን ቀይራ፣ ኦስሎ አባቷ ዘንድ እየበረረች ነበር። ኤርፖርት ያደረሳት ጎረቤት ነው።

እትዬ ከደረታቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ከመታሰራቸው በፊት ባላቸው በስልክ እያነበቡላቸው እሳቸው የጻፉት ነው፦ ፍራንክፈርት 9:30፣ ኦስሎ 11:30፣ 1100 ኪሎ ሜትር።

«አንቺ ልጅ፣ ተምረሻል?»

«እስከ ስድስተኛ።»

«ከኔ ትሻያለሽ። ጠባቂዋ አንድ ስልክ ብቻ ፈቅዳልኛለች። መቼ ልደውል?»

እኔ አውሮፕላን ተሳፍሬ አላውቅም። ከሆሳዕና እዚህ የደረስኩት በመኪናና በእግር፣ በሁለት ወር ነው። «ይሄ ሁሉ ኪሎ ሜትር በሁለት ሰዓት?» አልኩ።

«ከዚህ ደርባን ሄዶ መመለስ በይው። በታክሲ ቢሆን የሹፌሩን ዘፈን ስትሰማ ትውል ነበር።» ሳቁ። ወዲያው ሳቃቸው ጠፋ። «ታለቅስ ይሆን?»

«ዘጠኝ ተኩል ከሰዓት በኋላ ነው» አልኳቸው። «አስራ አንድ ተኩል ሳያልፍ አይደውሉ። ሳትደርስ ከደወሉ ስልኩ በከንቱ ያልቅብዎታል።»

እኩለ ቀን እንዳለፈ ጠባቂዋ መጣች። «ማማ፣ ስልኩ አሁን ይሁን?»

እትዬ አዩኝ። በእጄ «ይቆዩ» የሚል ምልክት ሰጠኋቸው።

«በኋላ» አሏት።

«በኋላ እኔ የለሁም። ፈረቃዬ አለቀ» ብላ ሄደች።

በዓይኔ ስከተላት የኮሪደሩን ሰዓት አየሁ። እኛ ስድስት የምንለውን እሱ አስራ ሁለት ይላል። ባልየው ያነበቡት ከቲኬት ላይ ነው። ቲኬት ደግሞ በእኛ ሰዓት አይቆጥርም። ልጅቷ ጠዋት በእኛ ሦስት ተኩል ተነስታ፣ ይሄኔ ደርሳለች።

ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? ይህንንም አስቤያለሁ።

«እትዬ፣ ተሳስቻለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩና ተነስቼ የውሃ መጠጫውን የፕላስቲክ ኩባያ ከበሩ ብረት ጋር አጋጨሁት። «ሲሲ! ሲሲ ዋሚ!» እህቴ ማለት ነው፤ ቶኮዛ የሚባል ሰፈር ሱቅ ስሠራ ደንበኞቼ እንዲህ ነበር የሚጠሩኝ። ድምፄ ኮሪደሩን ሲሞላው ራሴ ደነገጥኩ።

ጠባቂዋ ቦርሳዋን አንግታ ተመለሰች። «ይቺ ዝምተኛዋ ናት?» አለችና ስልኳን በብረቱ መሃል አቀበለችን።

እትዬ ከመደወላቸው በፊት ሻሻቸውን አስተካከሉ፤ ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ደረስሽ? ጁስ ሰጡሽ? የምን ጁስ?» የት እንዳሉ ጠየቀቻቸው መሰል። «እኔማ ሥራ ላይ ነኝ፣ እናቴ።»

ስልኩን መልሰው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ብርድ ልብሱን ግማሹን ወደ እኔ ገፉልኝ።

በሳምንቱ እኔ ተፈታሁ። እሳቸውን ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። አሁን ፎርድስበርግ ልብስ እሸጣለሁ፤ ማታ እግሬን አልችለውም። ድምፄም ዛሬም ዝቅ ያለ ነው። ጠዋት ሦስት ተኩል ላይ ሱቁን ስከፍት ልጅቷ ትዝ ትለኛለች። አምስት ተኩል ሲሆን፣ ደርሳለች እላለሁ።