ዋልያውን ያየሁበት ጋቢ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኋትም። ለነፍስ አባቴም ስንቱን ጥቃቅን ኃጢአት እየዘረዘርሁ ስናዘዝ ይችን አንዲቱን ደብቄ ተመልሻለሁ። አሁን ለአንተ፣ ለማላውቅህ አንባቢ እናገራለሁ። ፊትህን ስለማላይ ይቀለኛል መሰለኝ። ይህም ራሱ ፈሪነት ነው፤ እሱንም ቁጠርብኝ።

በደርግ ዘመን ባሕር ዳር ውስጥ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርሁ። የተከራየሁት ቤት ሐይቁ ዳር፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን አጥር አጠገብ ነው። ጎረቤቴ መሪጌታ ላቀው የዜማ መምህር ነበሩ፤ ሁላችንም የኔታ ነበር የምንላቸው። ጠዋት ጠዋት ታንኳዎቹ ሲመለሱ የእሳቸውና የተማሪዎቻቸው ድምፅ ውሃው ላይ ይሰማል። ላጤ ነበርሁና አንድም በዓል ብቻዬን አላስዋሉኝም። ወባ የጣለኝ ጊዜ ሦስት ቀን ራስጌዬ ተቀምጠው ውሃ ያጠጡኝ እሳቸው ናቸው። ማንን እንደ በደልሁ አስቀድመህ እወቅልኝ ብዬ ነው ይህን የምነግርህ።

የኔታ የተወለዱት ደባርቅ ነው፤ የሰሜን ተራሮች ፓርክ መግቢያ ላይ ካለችው ከተማ። በልጅነታቸው ለትምህርት ወጡ፤ ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው ሲሉ ጣና ዳር ቀሩ። እናታቸው ግን መንኩሰው እዚያው ደባርቅ፣ አንዲት ጎጆ ውስጥ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ጊዜው ከከተማ ከተማ ለመሄድ የቀበሌ የይለፍ ወረቀት የሚያስፈልግበት ነው። የኔታ እናታቸውን ለማየት ሁለት ጊዜ ጠየቁ፤ ሁለቴም ተከለከሉ።

የእኛ የመምህራን ጉዞ ግን ተፈቀደ። አምስት አስተማሪዎች፣ አንድ ሾፌር፣ አንድ ላንድሮቨር። ስድስት ዓመት ሙሉ ካርታ ላይ በዘንግ እየነካሁ ያስተማርሁትን ተራራ በዓይኔ ላየው ነው! ልጅ ሆንሁልህ። የመሄጃዬ ዋዜማ የኔታ አዲስ ጋቢ ታቅፈው መጡ።

«ልጄ፣ ይችን ለእናቴ አድርስልኝ። አንተ የደባርቅን ብርድ አታውቀውም። እማሆይን ብለህ ብትጠይቅ ሕፃን እንኳ ቤቷን ያሳይሃል። አልብሰህ ‹ልጅሽ ደኅና ነው› በላት፤ ሌላ ምንም አልሻ» አሉኝ።

«በእጄ አለብሳቸዋለሁ፣ የኔታ» አልሁ። ይህን ቃል የተናገርሁ እኔው ነኝ።

ስንሄድ ቀኑ መሽቶብን ስለነበር ደባርቅን ሳንቆም አለፍናት። ስንመለስ አደርሳለሁ ብዬ አልተጨነቅሁም። በማግስቱ ተራራውን አየሁ።

እንዴት አድርጌ ልንገርህ? በሣር ላይ እየሄድን ሳለ መሬቱ በድንገት አለቀ። ከእግሬ ጫፍ ጀምሮ ገደል ነው፤ ከገደሉ ሥር ሌላ ገደል፤ ከዚያ ወዲያ ሹል ሹል ተራሮች አንዱ ካንዱ ጀርባ ተደርድረው፣ የመጨረሻዎቹ ከሰማዩ ጋር ተቀላቅለው መለየት ያቅታል። ከፍታቸውን በሜትር በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ለስንቱ ተማሪ አስጽፌዋለሁ። ያን ቀን ግን ሳላውቅ እንዳስተማርሁ ገባኝና አፈርሁ። የጅንባር ፏፏቴ ከአፋፉ ዘሎ ሲወርድ መሬት ሳይደርስ ጉም ይሆናል። ጢስ ዓባይን ደጋግሜ ያየሁ ሰው ነኝ፤ ጢስ ዓባይ ያገሣል። ይህ ግን እንዲያው ዝም ብሎ ነው የሚወድቀው። የሚወድቀውን እያየሁ ድምፁን ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ የለም።

ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ደረታቸው ላይ ያን ቀይ ምልክት ይዘው፣ ሰብሰብ ብለው ተቀምጠው ሣር በጣታቸው ይነጫሉ። አረም የሚያርሙ ገበሬዎች ይመስላሉ፤ እንደዚያው ደግሞ ያወራሉ። በመካከላቸው ስናልፍ ገለል እንኳ አላሉልንም። ከሰው ቁመት የሚበልጠው ጅብራ የሚሉት ተክል ጉሙ ውስጥ ብቻውን ብቻውን ቆሟል። ሣሩን ስረግጥ እንኳ ያለ ፈቃድ የገባሁ እየመሰለኝ ቀስ እል ነበር።

ብርዱ ግን አጥንት ይሰብራል። እኔ የሐይቅ ዳር ሰው ካፖርት የት አውቄ! ጋቢውን ከሻንጣዬ አወጣሁት። ለጥቂት ጊዜ ነው አልሁ። ለበስሁት፤ ሞቀኝ፤ አላወለቅሁትም።

ሦስተኛው ቀን የምንመለስበት ነበር። ሾፌሩ ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ጎንደር መግባት አለብን፤ አሁን ከወረድን ደባርቅ ላይ አንድ ሰዓት እቆምልሃለሁ፤ ከቀትር ካለፈ ግን አልቆምም አለኝ። የፓርኩ ጠባቂ ደግሞ ዋልያ ለማየት ፀሐይ ገደሉን እስክትመታ መቆየት ነው አለ። ባልደረቦቼ ጨዋዎች ነበሩ። «ጉዳይ ያለህ አንተ ነህ፤ እንውረድ ካልህ እንወርዳለን» ብለው ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«እንቆይ» አልሁ።

ማን አስገደደኝ? ማንም። ያልሁት እኔ ነኝ። አሮጊቷን ረስቻቸው ነበር እንዳልልህ፣ ጋቢያቸው ትከሻዬ ላይ ነበር።

ዋልያው ከቀትር በኋላ መጣ። ከገደሉ ወገብ ላይ፣ መቆሚያ ያለው በማይመስል ጠርዝ ላይ ብቅ አለ። ቀንዱ ወደ ኋላ እስከ ጀርባው ተቆልምሟል፤ ጢሙን ንፋስ ያወዛውዘዋል። ከሰኮናው በታች ባዶ አየር ነው፤ እሱ ግን ደጁ ላይ የቆመ አባወራ ይመስል ተረጋግቶ ዙሪያውን ያያል። ቀና አለና አየኝ። ይህን ሁሉ ማን ሠራው? እኔስ ይህን ሳላይ እስከ ዛሬ እንዴት ሰው ነኝ ብዬ ኖርሁ? እንባዬ ወረደ። እግዚአብሔርን አመሰገንሁ። አዎ፣ ብርድ ላይ ባሉ እናት ጋቢ ተጀቡኜ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ።

ደባርቅን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በረን አለፍናት። በመስኮቱ የሣር ጎጆዎቹን አየሁ። የትኛዋ እንደ ሆነች አላወቅሁም። «ቁም» የምትል አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣችም።

በማግስቱ ጎንደር ገበያ ገብቼ ቆሎ ገዛሁ። የልጇን መልእክተኛ ባዶ እጁን የምትሸኝ እናት የለችም፤ የኔታ ምን ላከችልኝ ማለታቸው አይቀርም። በጨርቅ ቋጠርሁት።

ባሕር ዳር ስደርስ የኔታ አጥሩ ዘንድ ይጠብቁኝ ነበር። «ለበሱት፤ መረቁዎት» አልሁ። ምርቃቱንም ከልቤ ፈጥሬ አንድ በአንድ ነገርኋቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቆመው፣ በእኔ ሐሰት ላይ «አሜን፣ አሜን» አሉ። ከዚያ ቋጠሮውን ፈቱና ቆሎውን መዳፋቸው ላይ አድርገው አዩት።

«ሽምብራ አለበት» አሉ።

ደነገጥሁ። የደባርቅ ደጋ ገብስ እንጂ ሽምብራ አያበቅልም። ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! የኔታ ግን ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ሽምብራ እወድ ነበር በልጅነቴ። አልረሳችም። ይኸ እኮ ከቆላ የሚመጣ ነው፤ ለእኔ ብላ ገዝታ ነው» አሉ። የእኔን ውሸት እሳቸው ጠገኑልኝ። ከቆሎውም ዘግነው ሰጡኝ፤ ቆምሁና በላሁ።

ጋቢውን በሰው እልካለሁ፣ ዛሬ ነገ እያልሁ ከረምሁ። መንገዱ በጦርነት ተዘጋ። በክረምቱ የእናታቸው መርዶ መጣ።

ለቅሶው ላይ ካህናቱና ጎረቤቱ ተሰብስበው ሳለ የኔታ እጄን ያዙ። «እኔ አፈር አላለበስኋትም። ብርድ ግን አልገደላትም፤ ጋቢዬን ለብሳ ነው የሞተች። ምስክሬ ይኸው ልጄ ነው» አሉ። ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እኔ አየ።

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ተራራው ላይ ውበት አሰከረኝ ልል እችል ይሆናል። እዚያ የለቅሶ ድንኳን ውስጥስ ምን አሰከረኝ? የኔታ እስኪሞቱ ድረስ በጸሎታቸው የክርስትና ስሜን ይጠሩ ነበር።

ዛሬ አርጅቻለሁ። ስለ ሰሜን ተራሮች አውራልን ሲሉኝ ሁሉንም አወራለሁ፤ ጋቢውን ብቻ እዘላለሁ። ከሁሉ የሚከፋውን ልንገርህና ላብቃ። ዓይኔን ስጨፍን ያ ዋልያ አሁንም ጠርዙ ላይ ቆሞ ያየኛል፤ ልቤም እንደ ያኔው ትዘላለች። እሱን በማየቴ መጸጸት እስከ ዛሬ አቅቶኛል። እንዲህ ያለ ሰው በምን አፉ ይቅርታ ይጠይቃል? አልጠይቅም።

ጋቢው ሳጥኔ ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። ከዚያ ወዲህ ለብሼው አላውቅም። ስሞት ልጆቼ ይህን የመሰለ ጋቢ እያለው ብለው ሊገንዙኝ ይነሡ ይሆናል። አደራ ልጆቼ፣ በእሱ እንዳትገንዙኝ። ደባርቅ ውሰዱና ብርድ ላይ ላለች ለአንዲት አሮጊት አልብሱልኝ። እኔ በእሱ አንድ ጊዜ ሞቆኛል።